ሐዋ ጁምዓ ትገባለች

እናንተዬ፣ አንድ ነገር ልምከራችሁ። በኢንተርኔት ስለሚሠራ ዕቃ ለእናታችሁ ስታስረዱ በንጹሕ አማርኛ አታስረዱ። የፈረንጁን ቃል እንዳለ ወርውሩባት። አልገባኝም ትላለች፤ አይግባት! ምንም አትሆንም። እኔ ቋንቋዬን እወዳለሁ ብዬ፣ እያንዳንዱን ቃል ተርጉሜ፣ አሳምሬ በማስረዳቴ ነው የሰፈሩ ሰው በሙሉ ግቢያችን ውስጥ የተሰበሰበው። በግም ታርዷል።

ሥራዬ ቪዲዮ መቅረጽ ነው። ሐይቅ ከተማ ውስጥ፣ ወጣ ሲልም እስከ አምባሰል ገጠር ድረስ፣ ኒካም ይሁን ተክሊል፣ የሚቀረጽ ነገር ካለ ካሜራዬን ይዤ አለሁ። ግሸን ለንግሥ የሚወጣውን ሰውም ቀርጫለሁ። ዳገቱ ግማሽ ላይ ትንፋሼ ስላለቀ ቁጭ ብዬ የቀረውን በዙም ነው የጨረስኩት።

ጦርነቱ ወደኛ ሲመጣ ሰው ፍራሽና ዱቄት ተሸክሞ ሲሸሽ፣ እኔ ሐርድ ዲስኮቼን በሕፃን ብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ ደረቴ ላይ አቅፌ ወጣሁ። መንገድ ላይ አንዲት ሴትዮ አዘነችልኝና «ውይ የኔ ጌታ፣ እናቱስ? ስንት ወሩ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ደክሞኝ ስለነበር «ሁለት ቴራባይት» አልኳት። ስንመለስ ኮምፒውተሩ የለም፣ አልጋው የለም፣ የእናቴ የእህል በርሜል እንኳን የለም። የሰው ሰርግ ግን አንድም አልጎደለ! እናቴ ይህን እስካሁን አልረሳችልኝም። መሬት ላይ በተኛን ቁጥር «በል እንግዲህ፣ የሰው ሰርግ አንጥፍልን» ትለኝ ነበር።

ታናሽ እህቴ ሐዋ ኩዌት ናት። ከባሏ ተለያይታ፣ ልጇን ሰሚራን ለእናቴ ትታ ስትሄድ ሰሚራ ገና መቆም አልጀመረችም። አሁን ትምህርት ቤት ገብታ መጻፍ ችላለች። ሐዋ ስልክ ለመነካካት ፋታ የምታገኘው በጁምዓ፣ ጌቶቿ ከስግደት በኋላ አያታቸውን ሊጠይቁ ሲሄዱ ነው። የስልኳ የፊት ካሜራ ተሰብሯል። ቢሠራም ማዳሟ እቤቷ ውስጥ ካሜራ እንዲበራ አትፈልግም። ስለዚህ ሰሚራ እናቷን የምታውቃት በድምፅ ነው። መልኳን ካላችሁ፣ አንዲት የፓስፖርት ፎቶ አለች፤ እሷም ሐዋ ለጉዞው ስትጨነቅ ሳትተኛ አድራ የተነሳችው ናት። እኔ ወንድሟ እንኳ ፎቶውን ሳየው «ይቺ ደግሞ ማን ናት?» እላለሁ።

በጦርነቱ ወራት ኔትወርክ ሲቋረጥ ሐዋ በሕይወት መኖራችንን ሳታውቅ ነው የከረመችው። መስመሩ ሲመለስ መጀመሪያ ያለችኝ «ሰሚራን አሳየኝ» ነው። እኔ ደግሞ ልጅቷን ስቀርጽ ነው የኖርኩት፤ ኢድ በመጣ ቁጥር፣ ጥርሷ ሲወልቅ፣ ዩኒፎርም ስትለብስ፣ ሐይቁ ዳር እግሯን ነክራ ስትንጫጫ፣ ሁሉም አለ።

«በቴሌግራም ላክላታ!» ይለኛል ሰው ሁሉ። ልኬ ነበር። የእኔ ፋይል ትልቅ ነው፣ አሳንሼ አሳንሼ ላክሁት። ሐዋ አየችውና «ወንድም ጋሼ፣ ይቺ ቢጫዋ ነገር ልጄ ናት ወይስ ጀሪካን?» አለችኝ። ጀሪካን ነበር። ሰሚራ ከጀሪካኑ ጎን ያለችው ቡናማ ነገር ናት። ሞያዬ ተነካ፤ ከዚያ ወዲያ ቴሌግራም አልኩ እንዴ!

አንድ ቀን ከኩዌት የተመለሰች የሰፈራችን ልጅ ከሐዋ የተላከ ካርቶን ይዛልኝ መጣች። ከፍቼ ሳየው ጥቁር ሳጥን ነው፤ ውስጡ ሐርድ ዲስክ የሚገባበት፣ ከራውተር ጋር የሚገናኝ። የማዳሟ ልጅ አዲስ ገዝቶ ሊጥለው ሲል ሐዋ ለወንድሜ ብላ ለምና የወሰደችው ነው። ዕቃው እቤት ተቀምጦ፣ ባለቤቱ ሌላ አገር ሆኖ በኢንተርኔት ውስጡ ያለውን ሁሉ ማየት ይችላል። «የማዳሟ ልጅ ለንደን ሆኖ ነው እዚህ ቤት ያለውን ፊልም የሚያየው» አለችኝ ሐዋ። «እኔም እንደሱ ልጄን ልይ፣ ወንድም ጋሼ።»

እንዲህ ከተባልኩ በኋላ እንዴት እንቅልፍ ይወስደኛል?

ዲስኮቼን ከተትኩ፣ ራውተሩ ላይ ሰካሁ፣ ስልኬን አወጣሁ። ሰሚራ ጥርት ብላ መጣች። «ከውጭ ሆነህ መሞከርህን አትርሳ» ይላል አንዱ መካሪ በኢንተርኔት። እሺ ብዬ ወጣሁ። ከሳሎን ወጥቼ፣ ግቢውን አቋርጬ፣ ከአጥሩ ውጭ መንገዱ ላይ ቆምኩ። ይሠራል! ወዲያው ለሐዋ ደወልኩና «አለቀ! ከውጭ ሆኜ ነው የማናግርሽ!» አልኳት። ሐዋ ያን ጁምዓ ያቺን ፋታዋን በሙሉ ስትሞክር ዋለች። እሷ ዘንድ ምንም የለም። ለካ እኔ አጥሩ ሥር ቆሜ የምጠቀመው የራሴን ዋይፋይ ነው። የኔ ውጭ እስከ ጎረቤት ጎመን ድረስ ነው የሚሄደው።

በሚቀጥለው ጁምዓ ደግሞ አድራሻው ነው። የቤታችን የኢንተርኔት አድራሻ ለካ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ይለወጣል። ቤቱ ቆሞ አድራሻው ይዞራል፣ ጉድ እኮ ነው! ለዚያ መላ አገኘሁና ቁጥሩ ቢለወጥም የማይለወጥ ስም አወጣሁለት። ከዚያ የይለፍ ቃሉ መጣ። የሰሚራን ስም አድርጌዋለሁ፣ መጀመሪያዋ ፊደል ትልቋ ኤስ ናት። «በትልቁ ጻፊው» አልኳት ሐዋን። «እሺ» አለች። እምቢ አላት። «በትልቁ ነው?» «በትልቁ ነው ወላሂ፣ እንዲያውም ስክሪኑን ሞልቶታል» አለችኝ። ለካ የስልኳን ጽሑፍ ነው ያተለቀችው። ይህንን ስንረዳ ጌቶቿ መጡና ስልኩ ተዘጋ።

ተቆጥታ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ግን አልሰደበችኝም። «አብሽር ወንድም ጋሼ፣ ሌላ ጁምዓ አለ» ነው ያለችኝ። የቤት ሥራ ጨርሳ፣ ያቺን ትንሽ ሰዓት ጠብቃ፣ በኔ ስንፍና ባዶ ስክሪን ስታይ መዋሏ አንጀቴን በላው።

ዋናው ችግር በመጨረሻ ተገለጠልኝ፤ ፖርት ነው። ራውተር ማለት እንግዲህ እንደ አጥር ነው፣ ፖርት ደግሞ በሩ። በሩ ካልተከፈተ ከውጭ የሚመጣ ሰው አንኳኩቶ አንኳኩቶ ይመለሳል። ሐሙስ ዕለት ከፈትኩት። እናቴ መግሪብ ሰግዳ ስትጨርስ መጥታ ኋላዬ ቆመች።

«አሁን ይሄ ነገር ለሐዋ ምኗ ነው?» አለችኝ።

ይኸውላችሁ፣ እዚህ ላይ ነው ተርጓሚነቴ የመጣብኝ።

«እማ ስሚኝ። ሐዋ እስከዛሬ መግባት ያቃታት በሩ ተዘግቶባት ነው» አልኳት።

«ማን ዘጋባት?»

«ማንም አልዘጋባትም፣ ከመጀመሪያውም ዝግ ነበር። አሁን ግን እኔ ከፈትኩላት። ነገ ትገባለች።»

«ነገ?» አለች ቁጭ እያለች።

«ነገ፣ ከጁምዓ በኋላ። ጠዋት ደሴ እሄድና እዚያ ሆኜ አስገባታለሁ።»

«ጌቶቿስ?»

«ጌቶቿ ምን አገባቸው? በገዛ ቤቷ ብትገባ!»

«እውነትህን ነው?»

«ወላሂ እውነቴን ነው። ብቻ እማ፣ ለሰው እንዳታወሪ። በሩ መከፈቱን የሰማ ሁሉ ልግባ ይላል» አልኳት፤ የኢንተርኔት ሌቦችን ማለቴ ነው።

እናቴ አፏን በነጠላዋ ያዘችና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። እኔ ጅሉ ምን አልኩ መሰላችሁ? በአማርኛ ከተነገራት እናት ምን የማይገባት ነገር አለ፣ አልኩ። የአውሮፕላን ማረፊያው ኮምቦልቻ፣ ከደሴ ትንሽ አለፍ ብሎ መሆኑ፣ ከዐረብ አገር የሚመጣ ሰው ሊቀበል የሚሄድም ሁሉ «ደሴ ሄጄ» እንደሚል ጨርሶ ትዝ አላለኝም።

ጠዋት በሚኒባስ ደሴ ሄድኩ። ከጁምዓ ስግደት በኋላ ኮምፒውተር የሚጠግን ጓደኛዬ ሱቅ ገባሁ። የመጣሁበትን ስነግረው ሳቀ። «ዋይፋይህን አጥፍተህ ዳታ ብታበራ ሐይቅም ሆነህ ውጭ ነህ እኮ» አለኝ። ወሬ እንድንቀይር ነገርኩት።

ሐዋ ፋታዋ ሲደርስ ደወለች። ስሙን ጻፈች፣ የይለፍ ቃሉን ጻፈች፣ ትልቋን ኤስ ትልቅ አደረገች። ከፈተላት። «ሐዋ?» አልኩ። ትንፋሿ ብቻ ይሰማኛል። «ጥርሷ ወልቋል እኮ» አለች በመጨረሻ። «ወንድም ጋሼ፣ ጥርሷ ወልቋል!» የወለቀው ጥርስ ተተክቶ ከርሟል፤ ለሐዋ ግን ገና አሁን ነው የወለቀው። ፊልሙን ወደ ስልኳ እንዴት ማውረድ እንደምትችል ነገርኳትና ስልኩ ራሱ እያወረደ እሷ ዕቃዋን ወደ ማጠቡ ሄደች።

ደስታዬን የማደርግበት አጣሁ። ለእናቴ ደወልኩ።

«እማ! ሐዋ ገብታለች!»

«ያረቢ! ገባች?»

«አሁን ገና ገባች!»

ስልኩ ውስጥ እልልታው ቀለጠ። የአንድ ሰው እልልታ አይደለም፣ የብዙ ሴቶች ነው! ለፖርት መከፈት እልል የሚል ሰፈር ውስጥ እንደምኖር አላውቅም ነበርና እንባዬ መጣ።

«እንዴት ናት? ደከማት?» አለች እናቴ እየጮኸች።

«ትንሽ ቀስ ትላለች እንጂ ደህና ናት» አልኩ፤ መስመሩን ማለቴ ነው።

«ምን ምን ይዛለች?»

«እሷ ምን ትይዛለች፣ እንዲያውም እኛ ዘንድ ያለውን ሁሉ ይዛ ልትሄድ ነው!»

«ገና ሳትቀመጥ?» አለች እናቴ፤ ወዲያው ጫጫታው ዋጣት።

ብርቱካን ገዝቼ ሚኒባስ ያዝኩ። ሐይቅ መናኸሪያ ስወርድ የጨርቅ አበባ ከፊት ከኋላ የታሰረበት ባጃጅ ቆሟል። ሹፌሩ የጎረቤታችን ልጅ ነው። እኔን አለፈና የሚኒባሱን ውስጥ ጎንበስ ብሎ አየ።

«ሐዋስ?»

«ቀድማኝ ገብታለች እኮ» አልኩት እየሳቅሁ።

«በየት በኩል? እኔ ከጠዋት ጀምሮ እዚሁ ነኝ።»

«በኢንተርኔት ነዋ!»

ሹፌሩ አየኝ። ባጃጁን አስነሳ። እኔ ብርቱካኔን ታቅፌ፣ በአበባ መሐል፣ ሙሽራ መስዬ ገባሁ።

የግቢያችን በር ሁለቱም መዝጊያ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሸራ ተወጥሯል። ወጥ ይወጠወጣል። የአጎቴ ቤተሰቦች ከአርዲቦ ሐይቅ ዳር መጥተዋል፣ አንዱ በገመድ የተሰካ ቆሮሶ ዓሣ ይዟል። ሚስጥሩን እናቴ የነገረችው ለእትዬ ብርቄ ብቻ ነበር፤ እትዬ ብርቄ ጎረቤታችን ናቸው፣ እሳቸውም ለሰው የነገሩት ሚስጥር መሆኑን እያስጠነቀቁ ነው። ባጃጁ ሲቆም እልልታው ተነሳ። ወረድኩ። እልልታው ትንሽ ቆየና ከጫፍ ከጫፍ እየቀነሰ ጠፋ። ሰው ሁሉ ከትከሻዬ በላይ ያያል። እናቴ የኢድ ልብሷን ለብሳ ከፊት ቆማለች፤ ሰሚራ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ የአያቷን ነጠላ ይዛለች።

ያኔ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ገባኝ።

«ልጄስ?» አለች እናቴ።

«እማ... ሐዋ እኮ...»

«ገብታለች አላልከኝም?»

«ገብታለች! ሳጥኑ ውስጥ ናት!» አልኩ።

አይ አፌ! ከዐረብ አገር ስንቷ በሳጥን እንደመጣች እኔ እያወቅሁ፣ ይህን ቃል እዚያ ሰው መሐል አወጣለሁ? እናቴ ባለችበት ተቀመጠች። እትዬ ብርቄ ደረታቸውን ደቁ። ለቅሶው ከግቢው አልፎ መንገድ ወጣ። «በሕይወት ናት! ደህና ናት! ወላሂ ደህና ናት!» እላለሁ፣ ማን ይሰማኛል? ለሐዋ ደወልኩ። አነሳች፤ ድምፁን ከፍ አደረግሁት።

«ወንድም ጋሼ? ሳህን ላይ ነኝ፣ ቶሎ በል። ምንድነው የሚያለቅሰው?»

ግቢው ጸጥ አለ። እናቴ ስልኩን ከእጄ ነጠቀችኝ። «ሐዋ? አለሽ?» አለች። «አለሁ እማ፣ ምን ሆናችሁ?» አለች ሐዋ። እናቴ ስልኩን ሳመችው፣ ከዚያ በሌላው እጇ ጫማዋን አውልቃ እኔን ጀርባዬን አለችኝ። ሌላ ቀን ብትመታኝ ምን አጠፋሁ እል ነበር። ያን ቀን ግን ጭንቅላቴንም ብትለኝ ይገባኝ ነበር።

ያዳኑኝ ሼህ ይማም ናቸው፣ በጉን ያረዱት የሰፈራችን ሽማግሌ። ጉዳዩን አስረዳኋቸው። ከንፈራቸውን ሲያዩት ሳቅ እየያዙ ነው።

«እንግዲህ በጉም ታርዷል፣ ሰውም መጥቷል» አሉ። «መጣች ብለን ነበር፤ ያምጣት ብለን ደግሞ ዱዓ እናድርግ። መጀመሪያ ግን አንተ ልጅ፣ ገባችበት ያልከውን አሳየን።»

ሳሎኑ ጢም አለ። ሳጥኑን አሳየኋቸው። ሐዋ የምታወርደው ገና አላለቀም፣ መብራቱ ብልጭ ብልጭ ይላል፣ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ ይላል። «ይቺ ስትበራ ሐዋ እየወሰደች ነው ማለት ነው» አልኩ። አሮጊቶቹ ወደ መብራቷ ጎንበስ አሉ። «ሐዋዬ፣ አሏህ ይጠብቅሽ!» አለች አንዷ። «ከስተሻል እንዴ?» አለች ሌላዋ፣ ሳቁ ፈነዳ። ሰሚራን አቅርቤ «አየሽ፣ እናትሽ እያየችሽ ነው» አልኳት።

ሰሚራ መብራቷን አየች። «እኔ ግን አላየኋትም» አለችኝና ወጥታ ሄደች።

ሲጨንቀኝ የምይዘው ካሜራ ነው፣ ያዝኩ። ማዕዱን ቀረጽኩ፣ ዱዓውን ቀረጽኩ፣ «አሚን» የሚለውን የእጅ ብዛት ቀረጽኩ። ወሬው ዘግይቶ የደረሳቸው ዘመዶች እስኪመሽ ድረስ ከገጠር ይመጡ ነበር፤ ካሜራውን ወደ በሩ አዙሬ እሱንም ቀረጽኩ። ጥሩ ብርሃን ነበር። ቆራርጬ አሳምሬ ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጥኩላት፤ የራስሽን ድግስ እይ ብዬ፣ እንድትስቅ።

በቀጣዩ ጁምዓ ደወለች። አልሳቀችም።

«ወንድም ጋሼ፣ በሩ ላይ የቀረጽከውን አይተኸዋል?»

«እንዴ፣ እኔው አይደለሁ የቀረጽኩት!»

«ሰሚራን አይተሃታል?»

ስልኩን ሳልዘጋ ከፈትኩት። ዘመዶች ይገባሉ፣ ይሳሳማሉ፣ እትዬ ብርቄ ያስተናግዳሉ። ከኋላቸው፣ ከአጥሩ ጥግ፣ ሰሚራ ቆማለች። አንዲት ሴት በገባች ቁጥር ሮጣ ትደርሳለች። ነጠላዋን ያዝ ታደርግና ቀና ብላ ፊቷን ታያለች። ከዚያ ለቅቃ ትመለሳለች። ሌላዋ ስትገባ ደግሞ ትሮጣለች። እናትሽ አልመጣችም ብለን ከነገርናት በኋላ ነው ይሄ ሁሉ። ያን ፊልም የቀረጽኩት እኔ፣ የቆረጥኩት እኔ፣ ስንት ጊዜ ያየሁት እኔ ነኝ። እሷን ግን አላየኋትም ነበር።

«የትኛዋ እኔ እንደሆንኩ አታውቅም» አለች ሐዋ። «የሁሉንም ፊት እያየች ነው።»

ወዲያ ማዶ ውኃ ሲንጠባጠብ ይሰማኛል።

«የያዝኩት ውል ሲያልቅ ሌላ አልፈርምም። እመጣለሁ» አለች።

«አሁኑኑ ሰሚራን ልንገራት!» ብዬ ብድግ አልኩ።

«አንተማ እንዳትነግራት!» አለች ሐዋ፣ አሁን እያለቀሰችም እየሳቀችም። «ጥራልኝ። እኔው ራሴ እነግራታለሁ።»